የአንገረብ ደለልና የመገጭ ቀጠሮ

የጎንደር ሕዝብ የሚጠጣውን ውኃ የያዘው የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ መሆኑ ዛሬ የተሰማ ወሬ አይደለም። የአገሪቱ ምሁራን ደጋግመው አጥንተውታል፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራቆተው ተዳፋት የታጠበው አፈር ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል፤ እዚያው ይረጋል፤ የውኃውን ቦታ ይወስዳል። ግድቡ እንደቆመ ነው፤ የሚያንሰው ከኋላው የሚተኛው ውኃ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 207,044 ሕዝብ የነበራት ከተማ ደግሞ ከዚያ ወዲህ እየሰፋች ሄዳለች። ዕዳውን የሚከፍሉት ቢጫ ጀሪካን ይዘው የሚሰለፉት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው።

መድኃኒቱ መገጭ ነው ተባለ። ለመስኖም ለጎንደር መጠጥም ይሆናል የተባለለት ይህ ግድብ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰውን ጦርነት ሰበብ የሚያደርግ ካለ፣ ከዚያ በፊት የባከኑትን ዓመታት በማን ሊያሳብብ ነው?

ይህን የምንጽፈው ከካፔለ አን ደን አይሰል ነው። እዚህ የምንኖር ወገኖች አብዛኞቻችን ከባሕር ወለል በታች በሆነ መሬት ላይ ተኝተን በሰላም እናድራለን። እ.ኤ.አ. በ1953 ጎርፉ በኔዘርላንድ 1,836 ሰዎች ገደለ። በአምስት ዓመቱ፣ በ1958፣ ከከተማችን ደጅ በሆላንድሰ አይሰል ወንዝ ላይ የማዕበል መዝጊያው ሥራ ጀመረ። ሆላንዶች ከእኛ የተለየ ጭንቅላት ስላላቸው አይደለም። ግድቡን የሚጠብቀውን የውኃ ቦርድ ሕዝብ በየአራት ዓመቱ ይመርጣል፤ ግብሩን ይከፍላል፤ ሒሳቡንም ይጠይቃል። ዜግነት ያላገኘ፣ ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ስደተኛ እንኳ ድምፅ ይሰጣል። (በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. የመጣልንን ፖስታ ስንቶቻችን ሳንከፍት ጣልነው? እሱስ ይቅር።) የጎንደር ነዋሪ ግን «ለመገጭ ስንት ወጣ? ማን አዘገየው?» ብሎ የሚያፋጥጠው፣ በድምፁ የሚያወርደው ኃላፊ የለውም።

ለጉድጓድና ለፓምፕ ገንዘብ የሚያዋጡ ወገኖቻችን ይበል የሚያሰኝ ሥራ ሠርተዋል። አንገረብን የሚያድነው ግን ከግድቡ በላይ ያለው ተዳፋት ነው፤ እርከንና ዛፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መሬቱን ከልቅ ግጦሽ ለሚከለክለው ገበሬ የሚከፈል ካሣ። ከተሜው እንዲጠጣ ገበሬው ከብቱን ያስርብ ማለት ፍትሕ አይደለም። መዋጮአችን ወደዚያ ቢዞር ይሻላል።

ከአገር ቤት የሚመጡ ባለሥልጣናት «ለልማት አዋጡ» ብለው አዳራሽ ሲጠሩንም፣ አስቀድመው የመገጭን ሒሳብ ከነውሉ፣ ከነጭማሪው፣ ከነተሻሩት ቀጠሮዎች በአማርኛ አሳትመው ይምጡ።