ለላራ አለቀስን፤ ለገበሬውስ?

«ዶክተር ዢቫጎ» የተባለው ፊልም በማኅበራችን የሲኒማ ምሽት ከታየ ወዲህ በመኝታ ቤቱም በምግብ አዳራሹም ሌላ ወሬ ጠፍቷል። አንዱ ወገን የላራን ዓይንና በበረዶ የተሸፈነውን ቤት እያነሣ ይተክዛል፤ ሙዚቃውን እያፏጨ ወደ ክፍል ይገባል። ሌላው ወገን ደግሞ ፊልሙ የአብዮትን ስም የሚያጠፋ መርዝ ነውና ዳግመኛ እንዳይታይ፣ ከማኅበሩ የፊልም ዝርዝርም እንዲሰረዝ ፊርማ ያሰባስባል። እኛ ከሁለቱም ወገን አይደለንም። እንዲያውም ሁለቱም ፊልሙን በሚገባ አላዩትም ብለን እንከራከራለን። የመጀመሪያዎቹ ያዩት ሁለት ቆንጆ ሰዎች ሲሳሳሙ ነው፤ ሁለተኞቹ ያዩት ጠላት ነው። ከሦስት ሰዓት በላይ ተቀምጦ ይህን ብቻ አይቶ መነሣት ለተማረ ሰው የሚገባ አይደለም።

በመጀመሪያ ለሥራው የሚገባውን ክብር እንስጥ። ፊልሙን በ1965 (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆች፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እንጠቅሳለን) ያዘጋጀው እንግሊዛዊው ዴቪድ ሊን ነው። ታሪኩ የተወሰደው ሩሲያዊው ባለቅኔ ቦሪስ ፓስተርናክ ከጻፈው ልብ ወለድ ነው። የዢቫጎን ቦታ ይዞ የሚጫወተው እስክንድርያ የተወለደው ግብፃዊ ኦማር ሸሪፍ፣ የላራን ደግሞ ጁሊ ክሪስቲ ናት። የሞሪስ ዣር ሙዚቃ፣ የፍሬዲ ያንግ ካሜራ፣ የሮበርት ቦልት የፊልም ጽሑፍ እያንዳንዳቸው ኦስካር አግኝተዋል፤ ፊልሙ በጠቅላላው አምስት ኦስካር ወስዷል። ስለዚህ ሥራው የማይረባ ነው የሚለን ቢመጣ አንሰማውም። ክርክራችን በሙያው ላይ ሳይሆን ሙያው በዋለበት ነገር ላይ ነው።

የሠልፉን ትርዒት እናስታውስ። በሞስኮ ሌሊት ሠራተኞችና ተማሪዎች ሰንደቅ ይዘው፣ እየዘመሩ፣ ያለ ጦር መሣሪያ ይመጣሉ። ፈረሰኞች ሰይፍ መዝዘው ይጠብቋቸዋል። ፈረሱ በጋለበ ጊዜ ግን ካሜራው ከመንገዱ ዞሮ ወደ ሰገነቱ ይወጣና በዢቫጎ ፊት ላይ ይቀራል። የተጨፈጨፈውን ሰው ሳይሆን፣ ሲጨፈጨፍ ቆሞ ያየውን ሐኪም ሐዘን እናያለን። ከዚያም በበረዶው ላይ ደም እናያለን፤ ደሙ የማን እንደሆነ ግን አይነገረንም። ይህ የዳይሬክተሩ ታላቅ ብልሃት ነው እየተባለ ይመሰገናል። ብልሃት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን የፊልሙ አቋም ሁሉ በዚች ትርዒት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ሕዝቡ ከሩቅ ነው፣ መከራው የሚለካውም ምቹ ቤት ያለው ሰው በተሰማው ስሜት ልክ ነው።

እስቲ ፊልሙ ያልነገረንን እንጠይቅ። ሠልፈኞቹ ለምን ወጡ? በ1861 የሩሲያ ገበሬ ከባርነት ወጣህ ተባለ፤ ዳሩ ግን ሲያርሰው ለኖረው መሬት ለ49 ዓመት የሚከፈል ዕዳ ተጫነበት። ይህ ዕዳ የተሰረዘው ከ1907 ጀምሮ ነው፤ እሱም ቢሆን ከ1905 ሁከት በኋላ እንጂ በንጉሡ ቸርነት አልነበረም። በዚያው በ1905 በጥር ወር የፒተርስበርግ ሠራተኞች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ ሥዕለ ቅዱሳንና የንጉሡን ሥዕል ተሸክመው፣ አቤቱታ ይዘው ወደ ቤተ መንግሥት ቢሄዱ የተቀበላቸው ጥይት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሩሲያ ወታደር አለቀ፤ አብዛኛው ገበሬ ነበር። በ1917 በፔትሮግራድ አድማውን የጀመሩት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች ናቸው፤ የጠየቁትም ዳቦ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በፊልሙ የሚታየው እጅግ ጥቂቱ ነው። ምክንያቱ ተደብቆ ውጤቱ ብቻ ሲታይ፣ አብዮት እንደ በረዶ ውሽንፍር ከሰማይ የወረደ መዓት ይመስላል።

ቫሪኪኖንም እንውሰድ። የዢቫጎ ቤተሰብ በባቡር ተጉዞ ወደ ርስቱ ሲደርስ ትልቁ ቤት ታሽጎ ያገኘዋል፤ አማቱ ይቆጣሉ፤ እኛም ከሳቸው ጋር እናዝናለን። ከዚያ የጸደይ አበባው ይፈነዳል፣ መስኩ ቢጫ ይለብሳል፣ ተመልካቹ ይማረካል። ለመሆኑ ያንን ርስት ያርስ የነበረው ማን ነው? ትልቁ ቤት የተሠራው በማን ጉልበት ነው? ገበሬው በዚህ ፊልም ውስጥ ይዘርፋል፣ ይተኩሳል፣ ያሽጋል፤ ሲያፈቅር ግን አላየነውም። ፍቅር የሐኪምና የባለቅኔ ዕድል ብቻ የሆነ ይመስላል። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አንዲት ወዛደር ልጅ ከወዳጇ ጋር ብቅ ትላለች፤ እሷም የዢቫጎ ልጅ ሳትሆን አትቀርም ተብላ ነው።

ያ በረዶ የዋጠው ቤት ደግሞ በረዶ አይደለም። ፊልሙ በአብዛኛው የተነሣው በስፔን ነው፤ የቤቱም በረዶ ሰም ነው። በፍጻሜው የሶቪየት ልማት ምልክት ሆኖ የሚታየው ግድብ በስፔንና በፖርቱጋል ወሰን ያለው የአልደአዳቪላ ግድብ ነው። ያን ጊዜ ስፔንን ይገዛ የነበረው ጄኔራል ፍራንኮ፣ ነፃ የሠራተኛ ማኅበርንና የተቃዋሚ ፓርቲን የከለከለ ሰው ነው። ሠራተኛ ቀይ ባንዲራ ይዞ ቢወጣ በሚታሰርበት አገር ጎዳና ላይ የቀይ ባንዲራ ሠልፍ ለካሜራ ተሠለፈ። እኛ የሰምና ወርቅ አገር ልጆች ነን። ሰሙን አድንቆ ወርቁን ሳይጠይቅ የሚሄድ ተመልካች ቅኔ ቤት ቢገባ መምህሩ ምን እንደሚሉት ሁላችንም እናውቃለን።

ይህን ሁሉ ስንል ፊርማ አሰባሳቢዎቹ ደስ ሳይላቸው አልቀረም። አሁን ወደ እነሱ እንመለስ።

ወንድሞቻችን፣ ፊልሙ ሐሰት ነው ትላላችሁ። የሞስኮው ቤት ለአሥራ ሦስት ቤተሰብ ሲከፋፈል፣ ይህ የተሻለና ፍትሐዊ ነው የሚለው ራሱ ዢቫጎ መሆኑን አልሰማችሁምን? ሽምቅ ተዋጊዎቹ በስንዴው ማሳ ላይ በመትረየስ ያጨዷቸው ጠላቶች፣ ቀርበው ሲያዩአቸው የወታደር ትምህርት ቤት ልጆች ሆነው መገኘታቸው ሐሰት ነውን? በእርስ በርስ ጦርነት እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም የሚል ካለ ይቅረብ። ላራ በመጨረሻ በአንድ ካምፕ ውስጥ እንደ ቁጥር ጠፍታ ቀረች መባሉስ? ለላራ መነሻ ሆናለች የምትባለው የፓስተርናክ ወዳጅ ኦልጋ ኢቪንስካያ በ1949 ታስራ የአምስት ዓመት ፍርድ ተቀብላለች፤ ደራሲው በ1960 ከሞተ በኋላም እንደገና ታስራ የስምንት ዓመት ተፈርዶባታል። ይህ ከሆሊውድ የመጣ ፈጠራ አይደለም።

ፊልሙ ይታገድ ስትሉም አዲስ ነገር አላመጣችሁም። ልብ ወለዱ በአገሩ አይታተምም ስለ ተባለ በ1957 ኢጣሊያ ውስጥ ታተመ። በ1958 ፓስተርናክ የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ከደራስያን ማኅበር ተባረረ፤ ሽልማቱንም አልቀበልም እንዲል ተገደደ። መጽሐፉ በአገሩ ስላልታተመ ካወገዙት ሰዎች ብዙዎቹ አላነበቡትም ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲ.አይ.ኤ. መጽሐፉን በሩሲያኛ አሳትሞ በብራስልስ የዓለም ትርዒት ለሶቪየት ጎብኚዎች እንዲታደል አደረገ፤ ድርጅቱ ራሱ በ2014 ሰነዱን ይፋ አድርጓል። ልብ በሉ! መጽሐፉን ለጠላት መሣሪያ ያደረገው ከሁሉ አስቀድሞ እገዳው ነው። በሞስኮ መጻሕፍት ቤት እንደ ማንኛውም ልብ ወለድ ቢሸጥ ኖሮ ሰላይ ምን ብሎ በድብቅ ያድለው ነበር? በመጨረሻም በ1988 በአገሩ ታተመ፤ ፊልሙም በ1994 ሩሲያ ውስጥ ታየ። ሠላሳ ዓመት የፈጀ ክልከላ ያተረፈው ነገር ቢኖር ንገሩን።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልጮኽን። ፊልሙ ከመውጣቱ አሥር ወር ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተዋል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ። ከጥቂት ዓመት በኋላም ያንኑ ጥያቄ ካነሣው ትውልድ ብዙው በቀይ ሽብር ረገፈ። በ1975 ዓ.ም. በዓሉ ግርማ በዘመቻ መካከል የተወለደ ፍቅርን የሚተርክ «ኦሮማይ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ፤ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። እንግዲህ የመሬት ጥያቄ ተረት እንዳልሆነ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? ደራሲን ዝም ማሰኘት ወዴት እንደሚያደርስስ ከእኛ የበለጠ ማን ያውቃል? ሁለቱንም የሚያውቅ ተማሪ ከሁለት አንዱን ብቻ እንዲመርጥ ሲታዘዝ እሺ ማለት የለበትም።

በፊልሙ ውስጥ ስትሬልኒኮፍ የሚባለው የቀዮች አዛዥ የግል ሕይወት ሞቷል ብሎ ያምናል። ፊርማ አሰባሳቢዎቹም ይህንኑ በሌላ ቃል ይነግሩናል፤ በአብዮት ዘመን ስለ ፍቅር መተረክ ብክነት ነው ይላሉ። የስትሬልኒኮፍን መጨረሻ ግን አይተናል፤ እሱን ያነሣው ሥርዓት መልሶ አሳደደው፤ ሊገደል ሲወሰድ በገዛ እጁ ሞተ። ገበሬው መሬት የፈለገው ሚስት አግብቶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ በደጁ ተቀምጦ ሊያወጋ ነው። የግል ሕይወት ከሞተ መሬቱ ለማን ነው?

ስለዚህ ለማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። አንደኛ፣ ፊልሙ ከዝርዝሩ እንዳይሰረዝ። ሁለተኛ፣ እንደገና ሲታይ ከማሳየቱ በፊት ከታሪክ ክፍል አንድ ሰው ተጋብዞ ስለ 1861፣ ስለ 1905ና ስለ 1917 ግማሽ ሰዓት ይናገር፤ ከታየ በኋላ መብራት በርቶ ክርክር ይደረግ፤ ፊርማ አሰባሳቢዎቹም በመጀመሪያ ይናገሩ። ሦስተኛ፣ የፓስተርናክ መጽሐፍና «ኦሮማይ» ጎን ለጎን በማኅበሩ ንባብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ።

ለላራ ያለቀሰ ሁሉ ያልቅስ፤ እኛም ዓይናችን ደርቆ አልወጣንም። ነገር ግን መብራቱ ሲበራ እንባውን ጠርጎ «ያ በበረዶው ላይ የፈሰሰው ደም የማን ነበር?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን ጥያቄ የሚፈራም፣ ጥያቄው እንዳይነሣ ፊልሙን የሚደብቅም ተማሪ ይህ ማኅበር አያስፈልገውም።