የሰኔ 30 ቅጽ ምን ያተርፋል?

ሰኔ 30 ሲቃረብ በብዙ የግል ድርጅቶች አንድ ቅጽ ከመሳቢያ ይወጣል። የቅርብ አለቃው ስለ ትጋት፣ ስለ ሰዓት አክባሪነትና ስለ ጠባይ ነጥብ ይሞላበታል። ቅያሜ እንዳይመጣ ሲባል ሁሉም ከ85 በላይ ያገኛል። ሠራተኛው ይፈርማል፤ ቅጹ ከግል ማኅደሩ ይገባል፤ ሐምሌ ላይ ለታታሪውም ለለጋሚውም እኩል መቶኛ ይጨመራል። እስከ መጪው ሰኔ የሚያስታውሰው የለም።

አሠራሩ ምን ያህል እንደሚያስከፍል እናስላ። በአንድ የመርካቶ አስመጪ መጋዘን 6 ሠራተኞች አሉ እንበል። ዕቃው በየዓይነቱ ስላልተደረደረ እያንዳንዳቸው በቀን 20 ደቂቃ በፍለጋ ያጠፋሉ። ይህ በቀን 2 ሰዓት፣ በ26 የሥራ ቀናት ደግሞ 52 ሰዓት ይሆናል። ባለቤቱ በየወሩ የአንድ ሰው የስድስት ቀን ተኩል ደመወዝ ለፍለጋ ይከፍላል ማለት ነው። በር ላይ ተገትሮ የሚጠብቀውን አይሱዙና ተሰላችቶ ወደ ጎረቤት ሱቅ የተሻገረውን ደንበኛ ገና አልቆጠርንም። የሰኔው ቅጽ ይህን ኪሳራ አያሳይም፤ ጉድለቱ ያለው በአደራደሩ እንጂ በሰዎቹ ትጋት አይደለምና።

መድኃኒቱ እንግዳ አይደለም። የካይዘን አሠራር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓኑ ጃይካ እገዛ በ30 ያህል ድርጅቶች ተሞክሮ፣ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ የሚሉት አምስቱ «ማ»ዎችም በየግድግዳው ተለጥፈዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በአንድ ቅዳሜ ዘመቻ ይከናወናሉ። የሚያስቸግረው ማዝለቁ ነው።

ለምን ቢባል፣ በዚህ ጸሐፊ እምነት ሠራተኛው ሁለት ነገር ይፈራል። አንደኛው፣ ያመጣው ሐሳብ ያተረፈው ገንዘብ ወደ ባለቤቱ ኪስ ብቻ መግባቱን ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ሥራው ሲቀላጠፍ «አንድ ሰው ተርፏል» ተብሎ እሱ ራሱ ሊሰናበት ይችላል። ባለቤቱ በቀረበ ሐሳብ ምክንያት ማንም እንደማይቀነስ፣ ከዳነውም ገንዘብ ለሠራተኛው ድርሻ እንዳለው አስቀድሞ በጽሑፍ ካላረጋገጠ፣ ፖስተሩ የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

«ሰነፉንስ ምን እናድርገው?» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሕጉን ያንብብ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በአንቀጽ 28 ሥራን የመሥራት ችሎታ መቀነስን ለስንብት በቂ ምክንያት ያደርገዋል። ይሁንና የኅብረት ስምምነት ሌላ ካላለ በቀር፣ ይህ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ግምገማ መረጋገጥ አለበት። ለሦስት ዓመት 88 እየሰጠ የኖረ አሠሪ በአራተኛው «ችሎታ የለውም» ብሎ ቢያሰናብት፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚመሰክርበት የራሱ ፊርማ ነው። ሠራተኛውም ቢሆን ጉድለቱን በጊዜው ቢነግሩት ያርመው ነበር።

የአክሲዮን ባለቤቶችም ከነገሩ ውጭ አይደሉም። በጠቅላላ ጉባኤ የትርፍ ድርሻ ስንት እንደደረሰ እንጠይቃለን፤ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ስንት ሠልጣኝ ሠራተኛ በዓመቱ ጥሎ እንደሄደ ግን አንጠይቅም።

መጀመር ለሚፈልግ ወጪው አንድ ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ነው። አንድ መኪና ለመጫን የፈጀው ደቂቃ በየቀኑ ይጻፍበት፤ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ሠራተኞቹና ኃላፊው ፊቱ ቆመው ለሩብ ሰዓት ይነጋገሩ። መጀመሪያ መናገር ያለባቸው ጫኞቹ ናቸው።