ጩኸቱን ጠልቶ ምስክሩን ማባረር

የድሮ ሸክላ ነገር በተነሣ ቁጥር የሚሰነዘር አንድ ፍርድ አለ፤ «ለታሪክ ያህል ይቀመጥ፤ ለመስማት ግን አዲሱ ይሻላል» ይባላል። ፍርዱ ጨዋ ይመስላል። አሮጌውን አልሰደበውም፤ እንዲያውም በክብር ወደ መዝገብ ቤት ሸኝቶታል። በዚህ ጨዋነት ውስጥ ግን ትልቅ ስሕተት ተሸሽጓል። የመቅረጫው መሣሪያ በተሻሻለ ቁጥር ሙዚቃውም አብሮ የተሻሻለ፣ አሮጌው ቅጂ የአዲሱ ደካማ ረቂቅ የነበረ ያስመስላል። ይህ አስተሳሰብ ከእውነት የቱን ያህል እንደራቀ ለመረዳት የጉስታቭ ማህለርን ሁለተኛ ሲምፎኒ የመጀመሪያ ሙሉ ቅጂና ኋላ በሲዲ ሲታተም ከርሱ ጋር የተጣመሩትን የኦርኬስትራ ዝማሬዎች ማድመጥ ይበቃል።

ሲምፎኒው «ትንሣኤ» በሚል ስም ይታወቃል። ማህለር እ.ኤ.አ. በ1888 ጀምሮ የፈጸመው በ1894 ነው። መደምደሚያው ለዓመታት ጠፍቶበት ሲባዝን ቆይቶ ያገኘው በቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ነበር። ዝነኛው የኦርኬስትራ መሪ ሃንስ ፎን ቢሎቭ ካይሮ ላይ ሞቶ ሃምቡርግ ውስጥ ጸሎት ሲደረግለት፣ መዘምራኑ የገጣሚውን የክሎፕሽቶክን የትንሣኤ መዝሙር ሲያሰሙ ማህለር ከለቀስተኞቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። (ሟቹ ከሦስት ዓመት በፊት የሲምፎኒውን የመጀመሪያ ክፍል በፒያኖ ሲሰማ ጆሮውን ደፈነ የሚባልለት ሰው ነው፤ ዕጣ ፈንታ አንዳንዴ ቀልድ ታውቃለች።) ሥራው በ1895 በርሊን ላይ በማህለር መሪነት ሙሉውን ተሰማ።

በዚያችው በርሊን በ1924 በሸክላ ያስቀረጸው ኦስካር ፍሪድ ነው። ያን ጊዜ ማይክሮፎን ወደ ሸክላ ቀረጻ ገና አልገባም። ሙዚቀኞች በቆርቆሮ መለከት ፊት ይታጨቁና፣ የድምፁ ግፊት ብቻ መርፌውን እያንቀጠቀጠ በሰም ላይ ይጽፋል። የኮንትራባስ ጥልቅ ድምፅ ስለማይያዝ ቱባ እንዲያግዘው ማድረግ የዘመኑ ልማድ ነበር። አንዱ የሸክላ ገጽ የሚይዘው አራት ደቂቃ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ ሰማንያ ደቂቃ ገደማ የሚፈጀው ሲምፎኒ በ11 ሸክላዎች፣ በ22 ገጾች ተቆራርጦ ተቀረጸ። ማህለር አሥር ሆርን፣ ከመድረክ ጀርባ የሚነፋ ሌላ ጓድ፣ ኦርጋንና ትልቅ የመዘምራን ክፍል የጠየቀበትን ሥራ ነው ፍሪድ በአንድ የመለከት አፍ ሊያሳልፈው የደፈረው። በዓመቱ የኤሌክትሪክ ቀረጻ መጣና ያን ሁሉ ድካም አሮጌ አደረገው።

እርግጥ ነው፣ ከዚህ ቅጂ ውስጥ ብዙ ነገር ጠፍቷል። በመጨረሻው ክፍል መዘምራኑ ከጸጥታ ውስጥ፣ ከትንፋሽ በማይበልጥ ድምፅ እንዲገቡ ማህለር አዝዟል። መለከቱ ሹክሹክታ አይሰማም፤ ስለዚህ ያ ቅጽበት እንደታሰበው አልደረሰም። ከመድረክ ጀርባና ከፊት በሚነፉት መካከል ያለው ርቀትም የለም፤ ሁሉም በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የሚክድ ተከራካሪ ክርክሩን ከወዲሁ ያበላሻል። ጥያቄው ግን የጠፋው ምንድን ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ በሌላ በየትኛውም ቅጂ የማይገኝ ምን ተርፏል የሚለውም ነው።

በመጀመሪያ ራሱ ፍሪድ ተርፏል። በ1905 ይህንኑ ሲምፎኒ በርሊን ላይ ሲመራ ደራሲው በአዳራሹ ውስጥ ነበር። ማህለር በ1911 ሲሞት ኦርኬስትራ ሲመራ የተቀረጸ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተወም፤ የቀሩት በ1905 በፒያኖ የተጫወታቸው ጥቂት የወረቀት ጥቅልሎች ናቸው። እንግዲህ አቀናባሪው በአካል ተገኝቶ የሰማው መሪ ያንኑ ሥራ ሲመራ የሚያሰማ ሸክላ «ለታሪክ ያህል» ተብሎ በመደርደሪያ የሚረሳ ነውን?

በሁለተኛ ደረጃ የቫዮሊኖቹ አጨዋወት ተርፏል። በሁለተኛው ክፍል፣ በዚያ በዝግታ በሚያወዛውዘው ዜማ፣ ጣቶቻቸው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በክሩ ላይ እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ። የዛሬ ኦርኬስትራ ይህን እንደ ነውር ይቆጥረዋል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ፣ ጠርቶ፣ ተለክቶ ይወጣል። ማህለር ግን በሲምፎኒዎቹ ገጾች ላይ መንሸራተትን በገዛ እጁ ደጋግሞ አዝዟል። ዘመናዊው አጨዋወት ጠራ ሲባል የጠፋው የጽሑፉ ክፍል ይህ ነው። የማሲንቆ ድምፅ ሲሰማ ያደገ ጆሮ በዚህ ጉዳይ ከብዙ የአውሮፓ ሃያሲ የተሻለ ዳኛ ነው። ጣት በክር ላይ ሲንሸራተት ስንፍና አለመሆኑን፣ የሰው ድምፅ ከእንባ ወደ ቃል የሚሻገርበት መንገድ መሆኑን የሚያስተምረው አያስፈልገውም። ማሲንቆን በቁልፍ መሣሪያ ተክቶ «ያው ዜማ ነው» የሚል ሰው ምን እንደቀነሰ የሚያውቅ ሁሉ፣ በ1924ቱ ሸክላና በኋለኞቹ መካከል ያለውን ልዩነት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ይለያል።

ወደ ዝማሬዎቹ ስንመጣ ደግሞ ሌላ ንቀት ይጠብቃል። ሲምፎኒውን ያስቀደሙ አሳታሚዎች ዝማሬዎቹን ከኋላ ሲደረድሩ ገዢውም ሃያሲውም «የቦታ ማሟያ» አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ነገሩ ግልባጩ ነው። የሲምፎኒው ሦስተኛ ክፍል የበቀለው ቅዱስ አንጦንስ ለዓሦች ሲሰብክ ከሚተርክ ዝማሬ ነው፤ አራተኛው ክፍል «ቀዳማዊ ብርሃን» ራሱን የቻለ ዝማሬ ሆኖ ቆይቶ ወደ ሲምፎኒው የገባ ነው። ማህለር ሲምፎኒ የሚሠራው ከዝማሬ ነበር፤ ሥሩን ማሟያ ብሎ መጥራት ዛፉን አለማወቅ ነው።

«ቀዳማዊ ብርሃን» በዚህ ስብስብ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሰማል። አንዴ ኤሚ ላይስነር በ1924 በሲምፎኒው ውስጥ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሣራ ሻርል ካሂየ በ1930 ለብቻው ይዘምሩታል። ካሂየ በማህለር የቪየና ኦፔራ ዘመን ማብቂያ በእርሱ መሪነት ዘምራለች፤ እርሱ ከሞተ በኋላ «የምድር መዝሙር» ሙኒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማም ከሁለቱ ዘማሪዎች አንዷ ነበረች። በቀረጻው ጊዜ ዕድሜዋ ስድሳ ደርሷል፤ ድምፁ ማርጀቱ ይታወቃል። ነገር ግን ቃሉን የምትጥልበት ቦታ፣ ሐረጉ ከማለቁ በፊት የምትቆጥበው ትንፋሽ፣ ከሌላ የተዋሰችው አይደለም።

ከሁሉም የሚልቀው ሃይንሪሽ ሬህኬምፐር በ1928 በያሻ ሆረንስታይን መሪነት የዘመራቸው «የሙታን ሕፃናት ዝማሬዎች» ናቸው። ገጣሚው ፍሪድሪሽ ሩከርት ሁለት ልጆቹን በበሽታ ካጣ በኋላ በ1833 እና በ1834 ከአራት መቶ በላይ ግጥሞች ጽፏል። ማህለር አምስቱን መርጦ ዜማ ሰጣቸው። ሬህኬምፐር አያለቅስም። ሙሾ የምታወርድ ሴት ጥበቧ ራሷ መፍረስ ሳይሆን ሌላው እንዲያለቅስ መስመሩን መያዝ እንደሆነ ለቅሶ ቤት የዋለ ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ጀርመናዊ ባሪቶንም በዚያው ሥርዓት ይሄዳል። ቃሉን እንደ ንግግር ያቀርበዋል፤ ኀዘኑ በራሱ ጊዜ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የመጡ ታላላቅ ድምፆች ብዙዎች ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ለአድማጩ የሚያለቅስበት ቦታ አልተዉለትም።

የንጽሕና ጠበቆች በዚህ ጊዜ የጊልበርት ካፕላንን ምሳሌ ማንሣታቸው አይቀርም። ካፕላን ባለጸጋ አሜሪካዊ ነጋዴ ነበር፤ በዚህ አንድ ሲምፎኒ ፍቅር ተይዞ የማህለርን የእጅ ጽሑፍ ገዛ፤ በ1987 ከለንደን፣ በ2002 ከቪየና ኦርኬስትራ ጋር አስቀረጸው፤ በታተመው ጽሑፍ ላይ የነበሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ስሕተቶችም እንዲታረሙ አደረገ። የእጅ ጽሑፉ እርሱ በሞተበት በ2016 ለንደን ላይ ከ4.5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ይህ ሰው ለሥራው የከፈለው ዋጋ ክብር ይገባዋል። ይሁን እንጂ የጽሑፍ ትክክለኛነት አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉን የሚያነብ ሕያው ልማድ ሌላ ነገር ነው። የቅዱስ ያሬድን ምልክቶች በትክክል የገለበጠ ሁሉ ከመሪጌታ እግር ሥር ተቀምጦ እንደተማረው አያዜምም። የካፕላን ቅጂዎች የታረመውን ገጽ ያሰማሉ፤ የፍሪድ ሸክላ ገጹ ገና ሳይታረም እንዴት ይነበብ እንደነበር ያሰማል።

ያ ንባብ የተበተነው ደግሞ በእርጅና ብቻ አይደለም። ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ሲይዙ፣ በትውልዱ አይሁዳዊ የነበረው የማህለር ሙዚቃ ከጀርመን መድረክ ተወገደ። አይሁዳዊው ፍሪድ አገሩን ጥሎ ወጥቶ በ1941 ሞስኮ ላይ ሞተ፤ አይሁዳዊው ሆረንስታይንም ተሰደደ። ከጦርነቱ በኋላ የተነሡ ኦርኬስትራዎች ማህለርን እንደገና ሲያነሡ የአጨዋወቱ ፋሽን ተለውጦ ቆይቷቸው ነበር።

ነገሩ የጀርመኖች ብቻ ጉዳይ የሚመስለው ካለ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ያስታውስ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት፣ በምኒልክ ዘመን፣ ተሰማ ማሲንቆውን ይዞ በዚያችው በርሊን፣ በዚያው ዓይነት የቆርቆሮ መለከት ፊት ዘፍኗል፤ የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎችም እነዚያ ናቸው። እነርሱም ሲነሡ «ይንጫጫል፣ አይሰማም፣ በአዲስ መሣሪያ ይሠራልን» የሚል አይታጣም። መንጫጫቱን በኮምፒዩተር እናጥፋው የሚሉም አሉ፤ በልክ ሲሆን ይጠቅማል። ልኩ ካለፈ ግን ማጣሪያው የሸክላውን ፍጨት ከደጋኑ ፍትጊያ መለየት አይችልም፤ ሁለቱም ያሉት በአንድ የድምፅ ከፍታ ላይ ነው። የፍሪድ ቫዮሊኖች በእንዲህ ያለ ማጣሪያ ሲያልፉ እንደ ታፈነ ሃርሞኒካ ይሆናሉ፤ የተሰማም ማሲንቆ ከዚህ የተለየ ዕድል አይገጥመውም።