በቀብድና በውል መካከል

ሰው በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ግዢዎች ሁሉ ትልቁ ቤት ነው። ልብስ ቢያረጅ ይለወጣል፤ የቤት ዕቃ ቢሰበር ይተካል፤ ቤት ግን አብዛኛውን ጊዜ የብዙ ዓመት ቁጠባ፥ የዘመድ እርዳታና የባንክ ብድር ተደምሮ የሚገዛ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ሊገዛ የተነሣ ወጣት ሠራተኛ፥ በዋጋ ከተስማማበት ቀን አንሥቶ ውሉ እስኪፈረም ድረስ ያለው ጊዜ ሲረዝምበት ቢጨነቅ አያስደንቅም። ዛሬ ልንመለከተው የፈለግነውም ይህንኑ በሁለቱ ቀኖች መካከል የሚገኘውን ጊዜ ነው።

የአገራችን ልማድ የታወቀ ነው። ደላላው ገዢንና ሻጭን ያገናኛል፤ ዋጋው ይቈረጣል፤ ገዢው ቀብድ ይከፍላል፤ ምስክሮች ይፈርማሉ። ከዚያ ወዲያ ገዢው ቤቱ የርሱ እንደ ሆነ ቈጥሮ ለወዳጅ ለዘመድ ያወራል፤ የመጋረጃውን ልክ የሚለካም አይጠፋም። በሕግ ፊት ግን ቤቱ ገና የሻጩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1723፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ዘንድ እንዲመዘገብ ያዛል። ይኸው ሕግ በቍጥር 1885፥ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፥ ቀብድ የሰጠው ሰው ቀብዱን ለቆ፥ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ውሉን ሊተው እንደሚችል ይናገራል።

አንባቢ ይህን በአሐዝ ያስላው። ቤቱ በ4 ሚሊዮን ብር ተስማሙበት፥ ቀብዱም 100 ሺህ ብር ነው እንበል። ነገሩ ሦስት ወር ቢጓተትና ሌላ ገዢ መጥቶ 4 ሚሊዮን ተኩል ቢሰጥ፥ ሻጩ 200 ሺህ ብር መልሶ ይሰናበታል። ከኪሱ የሚያወጣው 100 ሺህ ብር ሲሆን የሚያተርፈው ግን 400 ሺህ ነው። ገዢውም 100 ሺህ ብር ካሣ ይዞ በግማሽ ሚሊዮን የተወደደ ቤት ሲፈልግ ይውላል። ለዚያውም የቀብዱ ወረቀት ሕጉ የሚፈልገውን አኳኋን ያልጠበቀ እንደ ሆነ፥ እጥፉን ለማግኘት እንኳ ሙግት ሊነሣ ይችላል። እንግዲህ እያንዳንዱ የመዘግየት ቀን ለገዢው ስጋት፥ ለሻጩ ደግሞ ፈተና ነው ማለት ነው።

ይህ ችግር የኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝና በዌልስም በዋጋ መስማማት ብቻውን ማንንም አያስርም። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕጋቸው የመሬትና የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ካልሆነና ካልተፈረመ ውል እንደማይሆን ደንግጓል። ገዢና ሻጭ በየራሳቸው ቅጂ ላይ ይፈርማሉ፤ ጠበቆቻቸው ውሉን የተለዋወጡ ዕለት ግዴታው ይጸናል፤ ገዢውም በተለመደው አሠራር ከዋጋው ከመቶ ዐሥሩን ያስይዛል። እስከዚያች ዕለት ድረስ ግን የባለቤትነቱ ማስረጃ ይመረመራል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ይጠየቃል፤ ባለሞያ ጣሪያውንና ግድግዳውን ያያል፤ ባንኩም ብድሩን ያጠናል። ሻጩ ራሱ ሌላ ቤት የሚገዛ ከሆነ ደግሞ የርሱ ሻጭ እስኪዘጋጅ ይጠበቃል። በዚህ መካከል ብዙ ሳምንት ያልፋል፤ ብልጫ ዋጋ አግኝቶ የመጀመሪያውን ገዢ የሚተው ሻጭም አለ። ያ ገዢ ለጠበቃና ለመርማሪ ባለሞያ የከፈለው ገንዘብ ቀለጠ ማለት ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ቶሎ ብሎ መፈረም ነውን? አይደለም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። ካርታው በማን ስም ነው? ቤቱ በባንክ ዕዳ ተይዟል? የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? የሊዝ ዕዳው ተከፍሏል? ወራሾች አሉን? ባለትዳር ከሆነስ ሁለቱም ተስማምተዋል? በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ የባልና የሚስት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል። ከነዚህ ጥያቄዎች አንዱን ሳይመረምር የፈረመ ሰው ሦስት ወር አተርፋለሁ ሲል ዓመታት በፍርድ ቤት ደጅ ይቆማል።

ስለዚህ ጊዜን ከጊዜ መለየት ያስፈልጋል። የምርመራ ጊዜ የገዢው ጋሻ ነው፤ የመጓተት ጊዜ ግን ጠላቱ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ወረቀት መፈለግ ሲጀመር ነው። በስኮትላንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንሥቶ ሻጭ ቤቱን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ስለ ቤቱ ሁኔታ የባለሞያ መግለጫ እንዲያዘጋጅ ታዟል። እንግሊዝም በ2007 ተመሳሳይ ደንብ ጀምራ በ2010 አቋርጣዋለች። የሐሳቡ ጥቅም ግልጽ ነው፤ ወረቀቱ ከድርድሩ ከቀደመ፥ ከድርድሩ በኋላ የሚጠበቀው ነገር ያንሳል።

እኛም ይህን ለማድረግ አዲስ አዋጅ መጠበቅ የለብንም። ገዢው ቀብድ ከመክፈሉ በፊት የሻጩን ማስረጃዎች ይጠይቅ፤ ሕግ ለሚያውቅ ሰውም ያሳይ። ብድር የሚያስፈልገው ከሆነ አስቀድሞ ከባንኩ መልስ ያግኝ። ሕጉ «ሌላ ስምምነት ካላደረጉ» ብሎ በር ስለ ከፈተ፥ በዚያ በር ይግባ፤ ውሉ የሚፈረምበትን ቀን፥ የትኛውን ወረቀት ማን እንደሚያመጣና ዕዳ ወይም እገዳ ቢገኝ ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስ በጽሑፍ ያስቀምጥ። በእንዲህ ያለ ጥያቄ የሚቈጣ ሻጭ ቢያጋጥመው፥ ቍጣው ራሱ አንድ ማስረጃ መሆኑን አይርሳ።

በመጨረሻ አንድ ቃል በጠረጴዛ ማዶ ለተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ እናቀርባለን። በእጅህ ሥር ያለው ፋይል የሌላ ሰው የዓመታት ቁጠባ የተንጠለጠለበት ሊሆን ይችላል። ሳትመረምር ማኅተም አድርግ አንልህም፤ እንዲያውም በጥንቃቄ መርምር። ነገር ግን የጐደለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን በአንድነት ንገረው እንጂ በየቀኑ አንድ አንድ እያልህ አታመላልሰው። «ነገ ና» የሚለው ቃል ላንተ አንድ ቀን ነው፤ ለባለጉዳዩ ግን ቤቱን የሚያጣባት ቀን ልትሆን ትችላለች። አንተም ነገ ቤት ገዢ ሆነህ በዚያው መስኮት ፊት ትቆማለህ።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ከቀብድም መመርመር ይቅደም።