ገደቡ የሚገድበው ማንን ነው?

ዛሬ የምጽፈው በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚዘወተረው፣ ስሙ እግር ኳስ ሆኖ ሳለ ኳሱ በእጅ ስለሚያዝበት ጨዋታ ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይሆን ይሆናል። ነገር ግን በዚያ አገር ልጆች የሚያሳድጉ ወገኖቻችን አሉንና፣ ስኮላርሺፕ የሚባለው ተስፋ ከምን እንደተሠራ መመርመር ተገቢ ይመስለኛል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር በ1973 ለአንድ ቡድን የሚፈቀደውን ስኮላርሺፕ በ105 ወሰነ፤ ቆይቶ ወደ 95፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ወደ 85 አወረደው። የቀረበው ምክንያት በጎ ነበር፦ ባለጸጋው ዩኒቨርሲቲ ጎበዞቹን ሁሉ ሰብስቦ በተጠባባቂ ወንበር እንዳያከማች። ሆኖም በዚያው በ1973 ስኮላርሺፕ በየዓመቱ የሚታደስ እንዲሆን ተደረገ። ይህን ሁለተኛውን ውሳኔ ብዙዎች አያነሡትም፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሥር እርሱ ነው። ወንበሩ ተቆጠረ፣ የወንበሩ ዋስትና ግን ተነሣ። አሠልጣኙ ቦታ ሲጠበው የሚለቅለት ልጁ ሆነ።

በ2009 የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት 37 ልጆች አስፈረመ፤ በዓመት ለአዲስ ገቢዎች የሚፈቀደው ስኮላርሺፕ ግን 25 ነበር። በዚህ አሠራር ትርፎቹ ወዴት ይሄዳሉ? አንዱን የትምህርት ውጤቱ ያስቀረዋል፣ ሌላው እስከ ጥር ጠብቅ ይባላል፣ ሌላው ወደ ሁለት ዓመት ኮሌጅ ይሸኛል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችን እንቢ ብሎ ለመጣ ልጅ ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ዘመን መጥቷል ተባልን። ሰኔ 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት የስኮላርሺፕ ገደቡን አንሥቶ በምትኩ የተጫዋቾችን ብዛት ገደበ፤ ለዚህ ስፖርት 105። ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው እንዲከፍሉም ተፈቀደ። ተጫዋቹ ከላቡ ድርሻ ማግኘቱን እደግፋለሁ፤ እንዲያውም ዘግይቷል። ነገር ግን ስኮላርሺፕ ከ85 ወደ 105 አደገ እያሉ የሚያጨበጭቡ ሰዎች አንድ ነገር ይዘለላሉ። ሕጉ 105 ስኮላርሺፕ ስጡ አይልም፤ መስጠት ትችላላችሁ ይላል እንጂ። በሁሉም ስፖርቶች አዲስ የሚጨመረው ስኮላርሺፕ ደግሞ እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ከዚያው የክፍያ ጣሪያ ላይ ይታሰባል። ለኮከቡ ክፍያ ወይስ ለተጠባባቂው ትምህርት? መልሱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም።

የተገፋውስ ማን ነው? ከኪሱ እየከፈለ የሚማረውና ያለ ስኮላርሺፕ የሚሠለጥነው ልጅ ነው። ከ105 በላይ ተጫዋች ይዘው የኖሩ ቡድኖች ብዙ ነበሩና፣ ስምምነቱ ገና ሳይጸድቅ እንዲህ ያሉ ልጆች ተሰናበቱ። ቤከር ሜይፊልድ፣ ጄ.ጄ. ዋትና ስቴትሰን ቤኔት በዚሁ በር የገቡ ነበሩ፤ ቤኔት ጆርጂያን በ2021 እና በ2022 የውድድር ዘመናት ለሻምፒዮንነት አብቅቷል። ዳኛዋ ራሳቸው በሚያዝያ 2025 በዚህ ጉዳይ ስምምነቱን ሳያጸድቁ አቆይተውት ነበር። የተገኘው ማስተካከያ ምን ነበር? የተሰናበቱት ቢመለሱ ከቁጥሩ ውጭ እንዲሆኑ ተፈቀደ፤ ዩኒቨርሲቲው እንዲመልሳቸው ግን አልተገደደም። ይህን ፍትሕ ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል።

ገደብ ይኑር፤ በገደብነቱ አልጠላውም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲውንም እጅ ይሰር። አዲስ ቁጥር ሲወጣ አስቀድሞ የገባውን ተማሪ አይንካ፤ የተሰጠ ተስፋም በጽሑፍና ለሙሉ የትምህርቱ ዘመን ይሁን። ከ2012 ወዲህ ከአንድ ዓመት በላይ የሚዘልቅ ስኮላርሺፕ መስጠት ተፈቅዷልና ሕግ ከለከለኝ የሚል አሠልጣኝ ሰበብ የለውም። አሠልጣኙ ከሳሎናችሁ ተቀምጦ ቡና ሲጠጣ ዓመቱን ጠይቁት፤ መልሱንም በወረቀት ላይ ያስፍርላችሁ።