ቶኑን የሚናገር አመዱንም ይናገር

ስለ አገራችን የድንጋይ ከሰል በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚሰማው «ይህን ያህል ሚሊዮን ቶን አለን» የሚል ቃል ነው። ቃሉን ሰምተው ካጨበጨቡት መካከል እኛም አለንበት። ዳሩ ግን ቁጥሩ ከወዴት እንደ መጣ ሳይጠይቁ ማጨብጨብ ለተማረ ሰው አይገባም።

ስሌቱስ ቀላል ነው። የቦታው ስፋት በከሰሉ ንጣፍ ውፍረት ይባዛል፤ የተገኘውም በአንዱ ሜትር ኩብ ክብደት ይባዛል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 1 ሜትር የሚወፍር ንጣፍ ቢኖርና ሜትር ኩቡ 1.3 ቶን ቢመዝን፣ ክምችቱ 1.3 ሚሊዮን ቶን ይባላል። ውፍረቱ 80 ሳንቲ ሜትር ብቻ ሆኖ ቢገኝ ግን 260 ሺህ ቶን ከወረቀቱ ላይ ይጠፋል።

የአገራችን ከሰል ደግሞ ለእንዲህ ያለው ስሕተት የተመቸ ነው። በጭልጋም ሆነ በያዩ ወይም በደልቢ፣ ከሰሉ የሚገኘው እሳተ ገሞራ ባፈሰሳቸው ድንጋዮች መካከል በተጋደመ ደለል ውስጥ ነው። ንጣፉ አንድ ቦታ ይወፍራል፤ ጥቂት እልፍ ሲሉ ይሳሳል፤ መሬቱ በተሰነጠቀበት ስፍራም ይቋረጣል። ስለዚህ ሁለት ጉድጓድ ብቻ ቆፍሮ በመካከሉ ያለውን ሁሉ እንደ ተገኘ መቍጠር ላም አለኝ በሰማይ ማለት ነው። በሙያው ደንብ በተቀራረቡ ጉድጓዶች የተረጋገጠው «የተለካ»፣ ራቅ ራቅ ብለው በተቆፈሩት የታወቀው «የተጠቆመ»፣ ማስረጃው የሳሳው «የተገመተ» ይባላል። በትርፍ ሊወጣ የማይችለውም ክምችት ተብሎ አይጠራም። ይህን ሁሉ ደምሮ በአንድ ቁጥር ማወጅ ሕዝብን ማሳሳት ነው።

ጥራቱስ? ከመቶ 20 እርጥበትና ከመቶ 30 አመድ ያለበትን ከሰል 30 ቶን የጫነ መኪና፣ 6 ቶን ውሃና 9 ቶን አመድ ተሸክሞ ይጓዛል። የጭነቱ ግማሽ አይነድም! ናሙናው ከደረቀ በኋላ ቢመረመር የሙቀቱ ቁጥር ከፍ ብሎ ይታያል፤ ስለዚህ ምርመራው በምን ሁኔታ እንደ ተደረገ ያልገለጸ ወረቀት ገዢውን ያታልላል። የሚያብረቀርቀውን ከሰል ብቻ መርጦ፣ በንጣፉ መካከል ያለውን ጭቃ ትቶ ናሙና ማቅረብም እንዲሁ ነው።

ይህ የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ አይደለም። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ለብዙ ዓመታት በውጭ ምንዛሪ ከደቡብ አፍሪካ ከሰል ሲገዙ ኖረዋል። በአገር ውስጥ ከሰል መተካቱን እኛም ከልብ እንደግፋለን፤ ነገር ግን ፋብሪካው እምነቱን የሚጥለው በተጻፈለት ቁጥር ላይ ነው። በያዩም ከሰሉ ያለው ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በመዘገበው የዱር ቡና ደን አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ወረቀቱ ይቀደዳል፤ የተቆረጠው ደን ግን ተመልሶ አይተከልም፤ ከመሬቱ የተነሣው ገበሬም የቀድሞ ኑሮውን አያገኝም።

እንግዲህ መምህራኖቻችንን የምንለምነው፣ በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ከጉድጓድ የወጣውን ናሙና በእጃችን ይዘን፣ በላቦራቶሪ አቃጥለንና መዝነን እንድንማር ነው። ጓደኞቻችንንም እንዲህ እንላለን፤ ነገ በማዕድን ፈቃድ ጥናት ላይ ፊርማችንን እንድናኖር ስንጠየቅ፣ ያልለካነውን ለካን አንበል። አለቃም ቢያዝ፣ ባለ ገንዘብም ቢለምን፣ ከቶኑ አጠገብ አመዱን ሳንጽፍ አንፈርም።