ማሽኑ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም

ማረሻ ያለ ገበሬ፣ ብዕርም ያለ ጸሐፊ ከንቱ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ዛሬ በየጋራዡ የምናየው የመኪና መመርመሪያ፣ በተለምዶ ስካነር የሚባለው ማሽን፣ ያለ አስተዋይ መካኒክ ፍሬ አይሰጥም። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለዚሁ ጉዳይ ያለኝን አሳብ ለተማሪ ጓደኞቼ፣ ለተከበሩ መምህሮቼና ለወላጆቻችን ላቀርብ ወድጃለሁ።

ምናልባት «የአርብ ገበያ ተማሪ ስለ መኪና ምርመራ ምን አገባው?» የሚል አይጠፋ ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። ከከተማችን ወደ ነፋስ መውጫ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር የሚያደርሰው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። በምጥ የተያዘች እናት ወደ ሆስፒታል፣ ነጋዴውም ወደ ገበያ የሚደርሱት በዚሁ መንገድ ነው። ሞተር በቁልቁለት ላይ በድንገት ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም የሞተሩን እገዛ ስለሚያጣ፣ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ እየደነደነ ይሄዳል። እንግዲህ እየጠፋ የሚያስቸግር መኪና የነጂው ጣጣ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪው ሁሉ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ማንም አይክድም።

አስቀድሜ የማሽኑን ሥራ ላስረዳ። በአሁኑ ዘመን መኪና ውስጥ ሞተሩን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር አለ። ሴንሰር የሚባሉት ትንንሽ መሣሪያዎች የሞተሩን ሙቀት፣ የሚገባውን አየርና የኮሎውን አዟዟር ይነግሩታል፤ እርሱም በነገሩት መጠን ቤንዚኑን ይመጥናል፤ ካንዴላው መቼ እሳት መስጠት እንዳለበትም ያዛል። ከሚነገረው አንዱ ሲጐድል ወይም ሲዛባ በዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያለበትን ብጫ መብራት ያበራና የጉድለቱን ቁጥር ይመዘግባል። ስካነር ማለት ይህን መዝገብ የሚያነብ ማሽን ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓም ከ2001 ጀምሮ በአዳዲስ የቤንዚን መኪናዎች ላይ፣ መዝገቡ 16 እግር ባለው አንድ ዐይነት መሰኪያ እንዲነበብ በሕግ ታዘዘ። የሕጉም መነሻ የአየርን ብክለት መቀነስ ነበር። ከዚያ በፊት በተሠሩ በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ግን መካኒኩ የመመርመሪያውን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ የመብራቱን ብልጭታ በመቁጠር ብቻ ቁጥሩን ለማወቅ ይችላል።

በዚህ ማሽን ነገር ሰዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። አንዳንድ ነባር ነጂዎች «ጆሮ ይበቃል፤ ማሽን ለሰነፍ ነው» ይላሉ። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ «ማሽኑ ሁሉን ያውቃል፤ ያለውን ለውጥ ነው» ይላሉ። በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ከእውነቱ ግማሹን ብቻ የያዙ ይመስለኛል። የላላ ብረት ሲንኳኳ ጆሮ ይሰማዋል፤ በሽቦ ውስጥ ለቅጽበት የተቋረጠ ምልክት ግን በጆሮ አይሰማም። ማሽኑም በበኩሉ የተቋረጠውን ምልክት ይመዘግባል እንጂ ለምን እንደ ተቋረጠ አያውቅም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የአንድ ዘመዴ ሚኒባስ ረዥም መንገድ ሄዶ ሞተሩ ሲግል ድንገት ይጠፋ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሞ ሲበርድ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ይነሣል። ወደ አንድ ጋራዥ ተወስዶ ስካነር ቢሰካበት ፒ 0335 የሚል ቁጥር ወጣ። «የኮሎው ሴንሰር ሞቷል» ተባለና ሴንሰር ተገዝቶ ተለወጠ። መኪናው ግን ሳምንት ሳይሞላው እንደ ልማዱ ጠፋ። ሁለተኛ ሴንሰር ተገዛ፤ አሁንም ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ታጋሽ መካኒክ፣ ሞተሩ እንደ ጋለ ሽቦውን ከሴንሰሩ ጀምሮ በእጁ እየተከተለ ሲመረምር፣ በጭስ ማውጫው አጠገብ ሽፋኑ ቀልጦ ከብረት ጋር ሲነካካ አገኘው። ሽቦው ታሰረ፤ ከጭስ ማውጫውም ራቀ፤ መኪናው ዳነ። የሁለት ሴንሰር ዋጋ ግን አልተመለሰም።

ታዲያ ማሽኑ ዋሸ እንበልን? ከቶ አልዋሸም። ፒ 0335 ማለት «ከኮሎው ሴንሰር ወደ ኮምፒዩተሩ በሚሄደው የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ችግር አለ» ማለት ነው። በዚያ መስመር ውስጥ ሴንሰሩ አለ፤ ሽቦው አለ፤ መሰኪያው አለ፤ ከሻሲው ጋር የሚታሰረው ሽቦም አለ። ማሽኑ «በዚህ ሰፈር ሌባ አይቻለሁ» አለ እንጂ «ሌባው እገሌ ነው» አላለም። ምስክር ያየውን ይናገራል፤ ዳኛ ግን ነገሩን አጣርቶ ይፈርዳል። በጋራዥ ውስጥ ዳኛው መካኒኩ ነው።

መልካም ዳኛ የሆነ መካኒክ እንዴት ይመረምራል? ቁጥሩን ካነበበ በኋላ ሳያጠፋው በወረቀት ይጽፈዋል። ቀጥሎም ጉድለቱ በተመዘገበበት ቅጽበት የሞተሩ ሙቀት፣ የመኪናው ፍጥነትና የሞተሩ ዙር ምን እንደ ነበረ ከዚያው መዝገብ ያነባል። ከዚህ በኋላ መኪናው እስኪጠፋ ድረስ ይነዳል፤ ሲጠፋም ስካነሩን እየተመለከተ በሞተሪኖ ያስነሣል። ሞተሩ እየዞረ ስካነሩ ዙሩን ዜሮ ካሳየ ችግሩ በኮሎው ምልክት በኩል ነው፤ ዙሩ በትክክል ከታየ ግን ወደ ቤንዚኑና ወደ እሳቱ መሄድ ይገባዋል። ዕቃ እንዲገዛ የሚያዘው የሽቦውን መስመር በቴስተር ለክቶ ጤናማ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ነው።

ምንም ቁጥር ያልተመዘገበበት መኪናም ሊጠፋ እንደሚችል መርሳት አይገባም። የቤንዚን እጥረት በሆነ ጊዜ በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ውሃና ቆሻሻ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህም ፊልትሮውን ይደፍናል፤ ፓምፑንም ያደክማል። ብዙ መኪና የቤንዚኑን ግፊት የሚለካ ሴንሰር የለውም፤ ስለዚህ ማሽኑ ዝም ይላል። የግፊት መለኪያ ያለው ሰው ግን በጥቂት ደቂቃ ያውቀዋል። የምስክር ዝምታ ወንጀል የለም ማለት አይደለም።

በተለይ ለእኛ አገር አንድ ነገር ልጨምር። የአየር ግፊት በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ነፋስ መውጫ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ በዚያ ግፊቱ 70 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የአየር ግፊት ሴንሰሩ ይህን ቁጥር ቢያሳይ፣ ፊዚክስ ያልተማረ መካኒክ «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ብሎ ጤነኛውን ዕቃ ሊጥለው ይችላል። በክፍላችን ስለ ከባቢ አየር የምንማረው ትምህርት በጋራዥ ውስጥ ገንዘብ የሚያድን መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ወላጆቻችን ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። በብዙ ቤት «ትምህርት ካልሆነለት ጋራዥ ይግባ» ሲባል እንሰማለን። ይህ አነጋገር የእጅ ሙያን ከመናቅ የመጣ አሮጌ በሽታ ነው። አንጥረኛውንና ቀጥቃጩን ስንንቅ ብዙ ዘመን አልፎናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የውጭ አገር ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ፤ በ1860 ዓ.ም. መንገድ እያስጠረጉ በዚሁ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አስጎተቱት። ከእርሳቸው በኋላ ጋፋት የሙያ ቤት ሆኖ አልቀጠለም። መሣሪያው ተሠርቶ ነበር፤ ዕውቀቱ ግን በአገር ልጅ እጅ ሥር አልሰደደም። እኛም ዛሬ ስካነሩን ገዝተን ዕውቀቱን ካልገዛን ያንኑ ታሪክ መድገማችን አይቀርም።

«የቤንዚን መኪና ዘመኑ አልፏል፤ ይህን መማር ምን ያደርጋል?» የሚልም ይኖራል። እውነት ነው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ይሁን እንጂ በአገር ውስጥ ያሉት ገና ብዙ ዓመት ማገልገላቸው ስለማይቀር ጠጋኝ ይፈልጋሉ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም ቢሆኑ ጉድለታቸው የሚመረመረው ይበልጡን በዚሁ ዐይነት ማሽን ነው። ስለዚህ ሙያው ይሰፋል እንጂ አይጠፋም።

አሳቤን በሦስት ነገር እጠቀልላለሁ። መካኒኮች የተነበበውን ቁጥርና ያደረጉትን ልኬት ጽፈው ለባለቤቱ ይስጡ። ባለንብረቶችም ዕቃ ከመግዛታቸው በፊት «ሽቦው ተለክቷል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ብር ታድናለች። ትምህርት ቤታችን ደግሞ ስለ ኤሌክትሪክ ስንማር ቀመሩን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ከምናየው፣ አንድ ቴስተርና አንድ አሮጌ ባትሪ በእጃችን ቢሰጠን መልካም ነው። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ጓደኞቼ ሆይ፣ አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለዋል። ማሽኑ የነገሩን ጫፍ ያሳየናል፤ ወደ ሥሩ መውረድ ግን የእኛ ሥራ ነው። በየቁልቁለቱ የሚሳፈሩት እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸውና፣ ይህን ሥራ ለሌላ ሰው አንተወው።